የመጨረሻው ስንት ነው?

በአዲስ አበባ «ይሄ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቁጥር አይመለስለትም፤ የሚመለስለት ሌላ ጥያቄ ነው። «ስንት ፍሬ ነው የፈለግከው?»፣ «ለራስህ ነው ለስጦታ?»፣ «መጀመሪያ ዕቃውን ውደደው፣ ዋጋው ችግር የለውም»። ዋጋው ችግር የሌለው ለማን እንደሆነ አይነገርም። ባለሱቁ ዋጋውን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ከመናገሩ በፊት እኔ ስንት እንደማወጣ ማጣራት ስላለበት ነው። ጫማዬን ያያል። የመኪና ቁልፍ ይዤ እንደሆነ ያያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብራኝ የገባችውን ባለቤቴን ፊት ያያል፤ ዕቃውን ስታየው ዓይኗ በራ ማለት እኔ አለቀልኝ ማለት ነው። ስለዚህ እኔና እሷ ገበያ ስንወጣ አኩርፈን መግባት ለምደናል። የወደድነውን በንቀት ገፋ አድርገን፣ ያልፈለግነውን እያገላበጥን እንጠይቃለን። ይህ ሁሉ ድራማ ለአንድ የፕላስቲክ ባልዲ ነው።

ሕጉ እኮ ለኛ ያደላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ያዛል። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የምናገኘው ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚለው ነው፤ እሱ በትልልቅ ፊደል፣ አንዳንዴም በላሚኔሽን። ያው አዋጅ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህን ለባለሱቁ ለማስረዳት የሞከረ ካለ እጁን ያውጣ። ከኋላ የቆሙት ወረፋ ጠባቂዎች ራሳቸው «ኧረ በናትህ ልቀቀን» ይሉታል።

ገበያው ወደ ስልክ ሲገባ ይሄ ጣጣ ይቀራል ብለን ነበር። ቴሌግራም ላይ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር መጻፊያ ቦታ አለ፤ ቁጥር እንዳይጻፍ የሚከለክል ነገር የለም። ሻጮቻችን ግን የጫማውን ቁጥር፣ ቀለሙን፣ የተሠራበትን አገር፣ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን፣ ስልካቸውንና አንድ መስመር ሙሉ የእሳት ምልክት ደርድረው ሲያበቁ ዋጋው ላይ ሲደርሱ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ። እንደ መንግሥት ምሥጢር። በውስጥ መስመር ስትገቡ «ሰላም ውድ ደንበኛችን» ይላል። ጥሩ። ቀጥሎ «የት አካባቢ ነዎት?» ይላል። ቦሌ ነኝ ያለና አስኮ ነኝ ያለ ሰው አንድ ቁጥር የሚነገራቸው አይመስለኝም፤ ስለዚህ የምኖርበትን ሰፈር ዝቅ አድርጌ መናገር ጀምሬያለሁ። ዋጋውን ሰምታችሁ ደንግጣችሁ ብትወጡም ስልካችሁ እዚያ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ የለ፣ ገና የለ፣ መውሊድ የለ፣ «እንኳን አደረሰዎ፣ አዲስ ዕቃ ገብቷል» የሚል መልእክት አይቀርም። የሥጋ ዘመዶቼ እንኳ እንዲህ አያስቡኝም።

የመርካቶው ቢያንስ ፊት ለፊት ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስተው ወደ ምዕራብ ከወሰዱት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው የሚጠብቋችሁ፤ ከዱባይ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ክንዱ ሳይያዝ የሚያልፍ የለም። «ግባ ቤተሰብ!»፣ «ምን ልስጥህ አባቴ?»፣ «ጂንስ ነው? ሸሚዝ ነው?»። ከገባችሁ በኋላ የምትሰሙትን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። «ተወደደ» ስትሉ «ጥራቱን እያየኸው!» ይላል። ጥራቱ አልታየኝም ካላችሁ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ይጎትተዋል። ዚፕ የሚዘጋ መሆኑ እንግዲህ የጥራት ማስረጃ ነው። «እዚያ ማዶ በዚህ ዋጋ አይቻለሁ» ስትሉ «እሱ ፎርጅድ ነው፣ ይሄ ኦርጅናል ነው» ይላል፤ ሁለቱም ከአንድ ኮንቴይነር የወረዱ መሆናቸውን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ያወረደው ኩሊም ያውቃል።

«ትንሽ ቀንስልኝ» ስትሉ ደግሞ «እኔ ራሴ በዚህ አላመጣሁትም» የምትለዋ ትመጣለች። ይህቺን ነገር ሳስባት እውላለሁ። ለኔ ከገዛበት በታች ሸጦልኝ፣ ከኔ በፊት ለመጣውም ከገዛበት በታች ሸጦለት፣ ከኔ በኋላ ለሚመጣውም እንዲሁ ሊያደርግ ተዘጋጅቶ፣ ሱቁ እንዴት ነው በየዓመቱ ጎረቤቱን እየገዛ የሚሰፋው? በኪሳራ የሚበለጽግ ነጋዴ የትም አገር የለም፤ እኛ ጋ ግን በየበሩ ነው።

ከዚያች ሁሉ የምትብስብኝ ግን «አሁን አንዲት ሴትዮ ሁለት ይዛ ሄደች» የምትባለዋ ናት። ይህቺ ሴትዮ በከተማው ውስጥ ካለ ሱቅ ሁሉ ከኔ ቀድማ ትደርሳለች። መጋረጃ ልገዛ ስሄድ ቀድማኛለች፤ ምንጣፍ ልገዛ ስሄድ ቀድማኛለች፤ የውሃ ማጣሪያ ልጠይቅ ብገባ አሁን ነው የወጣችው። አትከራከርም። ዋጋ አትጠይቅም። ሁልጊዜም ሁለት ነው የምትወስደው። አንድ ቀን በር ላይ ብንገናኝ ባለቤቷ ምን እንደሚሠራ እጠይቃታለሁ።

ከዚያ መውጣት አለ። የከተማችን ገዢ ሁሉ ይህን ትርኢት ያውቀዋል። የራሳችሁን ዋጋ ትናገራላችሁ። እሱ ይስቃል፤ ወይም «በዚህማ ለኔም አምጣልኝ፣ እኔ እገዛሃለሁ» ብሎ ይሳደባል። ትወጣላችሁ። አወጣጡ ልክ ሊኖረው ይገባል፤ ከፈጠናችሁ እውነት ሄዳችሁ ትቀራላችሁ፣ ከዘገያችሁ ፈልጋችሁት እንደሆነ ያውቅባችኋል። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ጆሯችሁን ወደኋላ አስቀርታችሁ ትራመዳላችሁ። «ና! ና እሺ፣ ውሰደው!» ይላል። ይሄኔ ነው የሚያንገበግበኝ። 900 ብዬ እሺ ካለ 700 ብል ኖሮስ? ያልኩት ዋጋ ሲጸድቅልኝ የሚሰማኝ ቁጭት ባይጸድቅልኝ ከሚሰማኝ ይበልጣል። እሱም ዕቃውን በላስቲክ ሲከት ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይመስላል። «ለደንበኝነት ብዬ ነው እንጂ...» እያለ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይተወዋል። ሁለታችንም ተበለጥን ብለን ተለያየን ማለት ነው። ይህን ያህል ሰዓት ፈጅቶ ሁለቱንም ወገን የሚያስከፋ ሥራ ከገበያና ከስብሰባ ሌላ አላውቅም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ለክርክር ሁሉ አንድ መልስ ተገኝቷል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋ ቢጨምር እውነት አለው፤ በዚህ አልከራከረውም። ናፍጣ ጨምሯልና ማጓጓዣው ጨመረ የሚለኝንም እሰማዋለሁ። የኔ እሮሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ስለኖረው ኮት ነው። አቧራው ራሱ ከምንዛሬው ለውጥ በፊት የተቀመጠ ነው፤ ባለሱቁ እፍ ብሎ ያራግፈውና «ዶላሩን እያየኸው!» ይለኛል። በጓሯቸው ያበቀሉትን ጎመን ተሸክመው የሚመጡት እናት እንኳ አንድ ቀን ዶላሩን ጠቀሱልኝ። ዝም ብዬ ከፈልኩ፤ ዶላር የነካውን ጎመን በላሁ ብዬ ቢያንስ ለልጆቼ አወራለሁ። ሲወርድ ደግሞ ማንም «ዶላሩን እያየኸው» ብሎ ቀንሶ አያውቅም።

መከራከር ራሱን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት ሽንኩርቷን መደብ መደብ አድርጋ ደርድራ ስትጠብቀኝ፣ ትንሽ ተጨቃጭቀን ስናበቃ «እንግዲህ መርቂልኝ» እላታለሁ፤ እሷም «አንተ ደግሞ አትጠግብም» ብላ ሁለት ራስ ጣል ታደርግበታለች። ዋጋውን አልቀነሰችም፣ እኔም አልጨመርኩም፣ ሁለታችንም ግን ደስ ብሎን እንለያያለን። ምርቃት የምትባል ነገር ሚዛን በመጣበት ቦታ ሁሉ እየጠፋች ነው። በግራም የሚመዝን ሰው አይመርቅም፤ ቁጥሩ ሲያልፍበት አንዷን ራስ ሽንኩርት መልሶ ያወጣታል።

የበግ ተራውንም ክርክር እወደዋለሁ። የፋሲካ ሰሞን ሾላ ወይም ካራ የወረደ ሰው ያውቀዋል። በጉን ጀርባውን ትዳብሳላችሁ፣ ላቱን ትመዝናላችሁ፣ ጥርሱን ታያላችሁ። ሻጩ አንድ ነገር ይላል፣ እናንተ ግማሹን ትላላችሁ፣ ሁለታችሁም ታኮርፋላችሁ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ደላላ መሐል ይገባና የሁለታችሁንም እጅ ግጥም አድርጎ ይዞ «በል አንተም ጨምር፣ አንተም ተው፣ ጨርሱ!» እያለ ያጋጨዋል። እጅ ከተማታ በኋላ ወደኋላ የለም። ማጭበርበር አይጠፋም፤ በጉን ጨው አልሶ ውሃ እያጠጣ ሆዱን የሚነፋም አለ። ግን ሁሉም ሰው ጨዋታ ላይ መሆኑን ያውቃል። ገበሬው ሊሸጥልኝ እንደሚፈልግ አይደብቀኝም፤ በጉን ከገዛሁት በኋላም «በጣም ጥሩ ውሳኔ ነው የወሰኑት» አይለኝም።

አሁን የመጣብን ግን በሥልጠና የመጣ ነው። በየሆቴሉ አዳራሽ የሽያጭ ሥልጠና ይሰጣል፤ ወጣቶቹ ከረባት አስረው ይገባሉ፣ ሰርተፍኬት ይዘው ይወጣሉ። እዚያ የሚማሩት ዋናው ነገር ገዢ «አይ» ሲል «አይ» ማለቱ እንዳልሆነ ነው። የገዢ እንቢታ እዚያ «ተቃውሞ» ይባላል፤ ለያንዳንዱ ተቃውሞ የተዘጋጀ መልስ አለ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ያመርት የነበረው ጆን ፓተርሰን በ1887 እ.ኤ.አ. ለሻጮቹ ቃል በቃል የሚያጠኑት ንግግር በጽሑፍ አስዘጋጅቶ ሰጣቸው። ከስክሪፕቱ ወጣ ያለ ሻጭ አይወድም ነበር። ገዢው ላንገራግር ሲል የሚሰጠው መልስም በኋላ ተዘጋጅቶ ታደለ። በዚያ ድርጅት ሽያጭ ከተማሩት አንዱ በኋላ አይቢኤምን ያሳደገው ቶማስ ዋትሰን ነው። ያ ወረቀት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ተጉዞ፣ ብዙ እጅ ቀይሮ፣ እኔ ምሳ ስበላ በስልኬ ውስጥ ብቅ ይላል።

«ሰላም ጋሼ፣ ከሪል እስቴት ነው የምደውለው፣ አንድ ደቂቃ አለዎት?»

ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት?

«ከሲስተም ላይ ነው ጋሼ።» ሲስተሙ የማን እንደሆነ አይነገርም።

ገንዘብ የለኝም ልጄ።

«ማንም ገንዘብ ኖሮት አይደለም ጋሼ፤ ለዚህ ነው በአሥር ፐርሰንት ቅድመ ክፍያ ያመቻቸንልዎት።»

ከባለቤቴ ጋር ልማከር።

«በጣም ጥሩ! ታዲያ አብራችሁ ሳይቱን እንድታዩት ቅዳሜ መኪና ልላክልዎ?»

እስኪ ላስብበት።

«ምኑ ላይ ነው የሚያስቡት ጋሼ? ቦታው ነው? ካሬው ነው? ወይስ አከፋፈሉ?»

እዚህ ላይ ነው ምሳዬ የሚቀዘቅዝብኝ። ድሮ «ላስብበት» ማለት ጨዋ ሰው ለጨዋ ሰው የሚሰጠው እንቢታ ነበር፤ የሰማውም «እሺ፣ እግዜር ያሳስብህ» ብሎ ይሄድ ነበር። አሁን ምን እንደማስብ ዝርዝር ሪፖርት አቀርባለሁ። ካሬው ነው ብል አነስ ያለ አለ፤ ቦታው ነው ብል ሌላ ሳይት አለ፤ አከፋፈሉ ነው ብል ሥራ አስኪያጁን ታነጋግርልኛለች። ቤቱ አልቋል ወይ ስላት «ቁፋሮ ላይ ነው» ትላለች። ቁፋሮ ላይ የሆነ ቤት ዋጋው «ሰኞ ይጨምራል»። ሁልጊዜ ሰኞ ነው። ማክሰኞ ደውላ ደግሞ ለኔ ብላ የድሮውን ዋጋ አስይዛልኛለች። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ወንድሜማ የባሰበት ነው፤ ሰዓቱን ሳያሰሉ በውድቅት ሌሊት ይደውሉለታል፣ «የአገር ቤት ሰው የሞተ መስሎኝ ስነሳ ባለሁለት መኝታ አቀረቡልኝ» ይላል።

ልጅቷን አልጠላትም። ድምጿ ውስጥ ድካም አለ። ደመወዟ ትንሽ ናት፣ ኑሮዋ በኮሚሽን ነው፣ ከበስተኋላዋ ያንኑ ዓረፍተ ነገር የሚሉ ብዙ ድምፆች ይሰሙኛል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ከዘጋሁባት ያሳዝነኛል፣ ካልዘጋሁ አትዘጋም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው የኔን ይሉኝታ በጥሬ ዕቃነት ቆጥሮታል። እኛ ደግሞ በይሉኝታ የተሠራን ሕዝብ ነን። ሻይ ያጠጣንን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አንችልም። ሳይት ሊያሳዩ የወሰዷችሁ ቀን ሻይ የሚያጠጧችሁም ለዚሁ ነው።

ባንኩም እንዲሁ ሆኗል። ከ30 በላይ ባንኮች አሉን፤ ልጆቻቸው ዣንጥላ ዘርግተው በየታክሲ ተራው «አካውንት ይክፈቱ» ይላሉ፣ እሱስ ይሁን። የገዛ ገንዘባችሁን ልታወጡ መስኮቱ ላይ ስትቆሙ ግን «ሁሉንም ነው የሚያወጡት?» ይባላል። አዎ። «ትንሽ ለምን አይተዉም?» ትንሽ ስንት ነው? ይኸውና በገዛ ገንዘቤ ላይ ዋጋ ልንነጋገር ነው። ከኋላዬ ወረፋው ይረዝማል፣ ከፋዩዋ «ዘንድሮ ዴፖዚት ተጥሎብን ነው» ብላ በሹክሹክታ ትነግረኛለች፣ ይሉኝታ ይይዘኛል፣ የተወሰነ ትቼ እወጣለሁ። የዕድር ልከፍልበት የመጣሁለትን ገንዘብ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ደረሰኝ ጉዳይ ልምጣ። ፓተርሰን ያን ሁሉ ስክሪፕት ያስጠናው ለምን ነበር? የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ለመሸጥ። ማሽኑን መጀመሪያ የፈለሰፈው የዚያችው ከተማ ሰው ጄምስ ሪቲ ባለ መጠጥ ቤት ነበር፤ አስተናጋጆቹ ገንዘብ ስለሚሰርቁት በ1879 እ.ኤ.አ. ሠራው። በኛም አገር በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 ማሽኑ ግዴታ ሆነ። ዛሬ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጧል። ተቀምጦ ደግሞ እናየዋለን። ዋጋ ተስማምታችሁ ገንዘብ ስታወጡ ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላል። ያን ሁሉ የተጨቃጨቅነው በየትኛው ዋጋ ነበር? «ያለ ደረሰኝ»። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይጨመርበታል፤ ክርክሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንዳንዱ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ አንዳንዱ ወረቀት አልቆበታል፤ አንዳንዱ ዕቃውን በ2000 ሸጦ የ600 ደረሰኝ ይቆርጣል። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሲመጣ «ዝርዝር የለኝም፣ ማስቲካ ልስጥህ» ከሚባል ነገር ተገላገልን ብለን ነበር። እውነት ነው፣ ማስቲካው ቀርቷል። አሁን የሚባለው «በካሽ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ነው።

ሻጮችም እሮሮ አላቸው፤ ደግሞም አላቸው። ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ወዳጄ «ዞሬ እመጣለሁ» ያሉት ሰዎች ሁሉ እውነት ዞረው ቢመጡ መርካቶ አትችላቸውም ይላል። ሰው ይገባል፣ ጣቃውን ሁሉ ከላይኛው መደርደሪያ ያስወርዳል፣ በጣቱ ይፈትጋል፣ በብርሃን ያያል፣ ስልክ አውጥቶ ፎቶ አንስቶ ለእህቱ ይልካል፣ እህቱ ሌላ ቀለም ትላለች፣ ሌላው ቀለም ይወርዳል፣ በመጨረሻ «ዞሬ መጣሁ»። ልጁ ጣቃውን መልሶ ሲጠቀልል ይመሻል። ዋጋ በለጠፈው ሱቅ ደግሞ ሌላ በደል እንሠራለን። የተለጠፈውን አንብበን ስናበቃ «እሺ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» እንላለን። ፋርማሲ ውስጥ ለአንቲባዮቲክ «ቀንሺልን እንጂ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ፋርማሲስቷም ልምድ ስላላት ቀና ብላ አላየችም። የለጠፈ ሰው እንደሞኝ የሚቆጠርበት ገበያ ነው። አንዱ ባለሱቅ ይህን ተረድቶ እውነተኛውን ዋጋ ለጥፎ ከሥሩ ደግሞ «ክርክር የለም» ብሎ ጻፈ፤ ደንበኛ ሁሉ እየገባ ስለዚያች ጽሑፍ ይከራከረው ጀመር። ቢቸግረው ዋጋውን በ20 በመቶ ጨምሮ ለጠፈና አሁን ለሁሉም ያንኑ የጨመረውን ይቀንሳል። ሁሉም አመስግኖት ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ አምልጣችሁ ቤታችሁ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ችሎት ተሰይሞ ይጠብቃችኋል። ዕቃው ከላስቲኩ ሳይወጣ «ስንት ገዛኸው?» ይባላል። የምትናገሩት ቁጥር ምንም ይሁን ምን ፍርዱ አንድ ነው፤ «ተሸወድክ!»። እናት ተሸወድክ ትላለች፣ አክስት ከንፈሯን ትመጣለች፣ ከዚህ ቀደም ባልዲ ገዝታ የማታውቅ ጎረቤት ሳትቀር «እኔ ብሆን በግማሹ ነበር የማመጣልህ» ትላለች። ለዚህ ነው የከተማው ሰው ሁሉ የገዛበትን ዋጋ ቀንሶ የሚናገረው። እናንተም ታደርጉታላችሁ፤ አታድርቁኝ።

አንድ ጎረቤቴ ባለፈው ገና ሰሞን ድስት በ3200 ብር ገዝቶ ለአማቱ 2400 ነው አላቸው። አማትየው አገላበጡት፣ ክዳኑን ከፍተው ዘጉት፣ ቂጡን በጣታቸው አንኳኩተው «እውነትም በርካሽ ነው ያገኘኸው» አሉት። ከሳቸው አፍ ምስጋና ብርቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደረቱ ተነፍቶ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት 4800 ብር ቆጥረው እጁ ላይ አስቀመጡና «ለኔ አንድ፣ ለእህቴ አንድ፣ ከዚያው ሱቅ አምጣልን» አሉት። ወደ መርካቶ ሲሄድ ታክሲ ተራ ላይ አገኘሁት፤ 1600 ብሩን ከኪሱ ሊጨምር ነው።

«ከዚህ በፊትም ገዝቼዋለሁ ብለው ይቀንስልኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።